ሞቅ ያለ የጃፓን ዘፈን ለካራኦኬ ምሽት፦ ተቀባይ ያለውን ይምረጡ

ጥያቄ፦ በናጎያ አቅራቢያ በሚገኝ ፋብሪካ ከጃፓናውያን ጋር እሠራለሁ። በዲሴምበር መጨረሻ የዓመቱ መዝጊያ ግብዣ አለን፤ ከእራት በኋላ ለሁለት ሰዓት ካራኦኬ ቤት እንገባለን። አሥራ ሁለት ነን፤ ታናሻችን 24 ዓመቷ ነው፣ አለቃችን 60 ሊሞላቸው ነው። ሂራጋናና ካታካና የተባሉትን የድምፅ ፊደላት አነባለሁ፣ ካንጂ ከተባሉት የቃል ምልክቶች ግን የማውቀው ጥቂት ነው፤ ለሴት ድምፄ ወፈር ይላል። ቤቱን የማያቀዘቅዝ፣ ሁሉም የሚነሣበት የጃፓንኛ ዘፈን የትኛው ነው? እንዴትስ ልምረጥ?

ምላሽ፦

ጠያቂዬ፣ ጥያቄዎን «ቤቱን የማያቀዘቅዝ» በሚለው ቃል ማሰርዎ ደስ አሰኝቶኛል፤ የካራኦኬ ምሽት ዋና ጉዳይ እርሱ ነውና። ለድምፅ ሥልጠና ወደ እኔ ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ በየትኛው ዘፈን ድምፃቸው እንደሚያምር ነው። ይህ ለመድረክ ተገቢ ጥያቄ ነው። አሥራ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ በሚቀመጥበት፣ ጠረጴዛው በብርጭቆና በድንች ጥብስ በተሞላበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን የአንዱ ድምፅ ማማር ሌሎቹን አሥራ አንዱን አድማጭ ብቻ አድርጎ ያስቀራቸዋል፤ አድማጭ ብቻ ሆኖ የቀረ ሰው ደግሞ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የራሱን ዘፈን ፍለጋ ወደ መምረጫው ታብሌት ያቀረቅራል።

ጃፓን ውስጥ ሙዚቃ በምማርበት ጊዜ ማታ ማታ በአንድ ካራኦኬ ቤት በአስተናጋጅነት እሠራ ነበር። መጠጥ በትሪ ይዤ በኮሪደሩ ስመላለስ ከግራና ከቀኝ በሮች የሚወጣው ዘፈን እየተደራረበ ይሰማኛል። ከጥቂት ወራት በኋላ የትኛው ክፍል ሰዓት እንደሚያስጨምርና የትኛው ከጊዜው በፊት እንደሚበተን በሩን ሳልከፍት መገመት ጀመርሁ። አንድ ሰው ግሩም አድርጎ የሚዘፍንበት፣ ከእርሱ በቀር ግን ኮሽታ የማይሰማበት ክፍል ብዙ ጊዜ ቶሎ ይበተን ነበር። አዝማቹ ሲደርስ ታምቡሪኑ የሚንሿሿበት፣ ማይክ ያልያዙት ሰዎች ጩኸት ማይክ የያዘውን የሚውጥበት ክፍል ግን ስልኩን አንሥቶ ሌላ ሠላሳ ደቂቃ ያስጨምራል።

ስለዚህ የምመክርዎ መመዘኛ አንድ ነው፤ ተቀባይ ያለው ዘፈን ይምረጡ። እርስዎ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደሉም። በሠርግም ሆነ በጥምቀት ጭፈራ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ የአውጪው ጉሮሮ ቢዘጋ እንኳ ተቀባዩ እስካልደከመ ድረስ ጨዋታው አይበርድም። ጃፓኖችም ነገሩን ከጥንት ያውቁታል፤ በዘፈን መሃል ጣልቃ የሚገባውን ጥሪና ጭብጨባ «አይኖቴ» ይሉታል። ከሆካይዶ ሄሪንግ የተባለውን ዓሣ ከሚያጠምዱ ሠራተኞች የመጣው «ሶራን ቡሺ» የተባለው የሥራ ዘፈን «ዶኮይሾ፣ ዶኮይሾ» የሚል ጥሪ አለው፤ ሰዎች ከባድ ነገር አብረው ሲጎትቱ ኃይላቸውን በአንድ ቅጽበት እንዲያውሉ የሚያደርግ ጥሪ ነው። የዛሬው የጃፓን ፖፕ መሣሪያው ቢለወጥም ይህን ልማድ አልጣለውም።

ቀረብ ብለን በአንድ ምሳሌ እንየው። «ሞርኒንግ ሙስሜ» የተባለው የሴቶች ቡድን በ1999 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) «ላቭ ማሺን» የተሰኘ ዘፈን አወጣ። ጊዜው የጃፓን ኢኮኖሚ የተዳከመበት ነበር፤ ዘፈኑ ግን ስለ አገሪቱ ነገ በሙሉ ልብ ይጨፍራል። አዝማቹ ላይ ዘፋኟ «የጃፓን የወደፊት ጊዜ» ትልና ዝም ትላለች፤ በዚያ ክፍት ቦታ ላይ ሌሎቹ «ዋው» የሚለውን አራት ጊዜ ይደረድራሉ። «ዓለም ይቀናበታል» ብላ ስትቀጥል ደግሞ አራት ጊዜ «ዬ» ይመልሱላታል። ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ማንም ሰው፣ ዘፈኑን ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቅ እንኳ ቢሆን፣ በሁለተኛው አዝማች ላይ ይህን መልስ መስጠት ይችላል። እርስዎ በዚያ መሃል አንድ ቃል ቢስቱ የሚሰማ የለም፤ ቤቱ የራሱን መልስ በመጮህ ተጠምዷልና።

አንድን ዘፈን ለመመርመር ሲነሡ፣ ግጥሙን ሳያዩ አንድ ጊዜ ዝም ብለው ያዳምጡት። እጅዎን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ዘፋኙ ዝም የሚልበትንና ሌላ ድምፅ ጣልቃ የሚገባበትን ቦታ ሁሉ አንድ ጊዜ መታ ያድርጉ። ዘፈኑ አልቆ አንድም ጊዜ ካልመቱ፣ ዘፈኑ የቱንም ያህል ቢማርክዎ ለዚያ ምሽት አይሆንም፤ ብቻዎን ለሚሄዱበት ቀን ያቆዩት።

ብዙ ሰው «ሞቅ ያለ» ሲባል «ፈጣን» ማለት ይመስለዋል፤ ጀማሪን አብዝቶ የሚያስተው ይህ ነው። ሁለት ዘፈኖች ላወዳድርልዎ። ታካሃሺ ዮኮ በ1995 ለአኒሜ ተከታታይ ፊልም የዘፈነችው «ዛንኮኩ ና ተንሺ ኖ ቴዜ» በደቂቃ 128 ያህል ምት ይሄዳል። ዮአሶቢ የተባለው የሁለት ሰው ቡድን በ2019 መጨረሻ ያወጣው «ዮሩ ኒ ካኬሩ» ደግሞ 130 ያህል ነው። በሰዓት ቢለኩ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፤ በአፍ ሲሞከሩ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የፊተኛው ዜማው ሰፊ ነው፣ አዝማቹ ላይ ቃላቱ ዘርጋ ብለው ይቀመጣሉ፣ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታም ግልጽ ነው። የኋለኛው በየምቱ ውስጥ ብዙ ቀለም (ክፍለ ቃል) የታጨቀበት፣ ዜማው ከላይ ወደ ታች የሚወረወር፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ ኪው (ዜማው የሚቆምበት የድምፅ ከፍታ) የሚቀያየር ስለሆነ ጃፓናውያን ራሳቸው በመሃል ይሰናከሉበታል። ሰው ሲሰናከል ደግሞ ተቀባዩ የት ገብቶ እንደሚያግዘው አያውቅም፤ ምክንያቱም ለተቀባይ የተተወ ቦታ የለም። በ2024 የወጣውን የክሪፒ ናትስን «ብሊንግ ባንግ ባንግ ቦርን» የመሳሰሉ የራፕ ዘፈኖችም እንዲሁ ናቸው፤ አዝማቹን ሁሉም ይወደዋል፣ ወደ ራፑ ሲገቡ ግን ማይኩ ዝም ይላል። ከ24 ዓመቷ ባልደረባዎ ውጭ ማንም እንዳይደፍረው እመክራለሁ፤ እርሷ ከደፈረችው ግን እርስዎ ታምቡሪኑን ይያዙላት።

በተቃራኒው ኤኬቢ48 የተባለው ቡድን በ2013 ያወጣው «ኮይ ሱሩ ፎርቹን ኩኪ» ምቱ ዘና ያለ፣ የድሮውን ዲስኮ የሚያስታውስ ዘፈን ነው። ቢሆንም ቤት በማሞቅ ብዙ ፈጣን ዘፈኖችን ያስንቃል። ምክንያቱ ውዝዋዜው ነው። በወጣበት ዓመት የሳጋና የካናጋዋ ክፍለ ግዛት አስተዳደር ሠራተኞችና ነዋሪዎች ሳይቀሩ ሲወዛወዙበት ቪዲዮ ቀርጸው አሰራጭተዋል፤ ስለዚህ የቢሮ ሰው፣ የፋብሪካ ሰው፣ የትምህርት ቤት ሰው ሁሉ እጁ ያስታውሰዋል። በሁለት መዳፍ ሩዝ እንደሚያድቦለብል ሰው የሚደረገውን እንቅስቃሴ እርስዎ ሲጀምሩት የተቀመጡት ሰዎች እጅ ሳይታዘዝ ይነሣል። ተቀባይነት ማለት በድምፅ ብቻ አይደለም፤ በእጅ የሚቀበልም ተቀባይ ነው። እኛስ እስክስታን የምንቀበለው በትከሻ አይደል?

አሁን ወደ ድምፅዎ ልምጣ። ካራኦኬ ሲወለድም ለዘፋኙ አቅም ተለክቶ የተሰፋ ነገር ነበር። ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ኢኖዌ ዳይሱኬ በኮቤ ከተማ በመጠጥ ቤቶች ለደንበኞች የሚያጅብ ሙዚቀኛ ነበር። አንድ ደንበኛው፣ የድርጅት ኃላፊ፣ ለሽርሽር አብሮት እንዲሄድ ለመነው፤ ኢኖዌ ሥራ ስለነበረበት መሄድ ባይችል ሰውዬው በሚመቸው ኪና አካሄድ አጃቢውን በቴፕ ቀርጾ ሰጠው። ከዚያ ተነሥቶ በ1971 ሳንቲም ሲጎርስ የሚያጅብ መሣሪያ ሠራ፤ የፈጠራ መብቱን ግን አላስመዘገበም። ይህን ታሪክ የማነሣው ብዙ ሰው የኪ መቀየሪያውን ቁልፍ መንካት እንደ ሽንፈት ስለሚቆጥረው ነው። ቁልፉ የተሠራው ለእርስዎ ነው። አንድ ጊዜ ሲጫኑት ዘፈኑ በግማሽ ድምፅ ይወርዳል ወይም ይወጣል፤ ወፈር ላለ የሴት ድምፅ የሴቶችን ፖፕ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ማውረድ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከአራት በላይ ካወረዱት ግን አጃቢው እየደበዘዘ ስለሚሄድ ሌላ ዘፈን መፈለጉ ይሻላል።

ሌላም መንገድ አለ፤ እኔ ለእርስዎ ዓይነት ድምፅ ይህን አስበልጣለሁ። የጃፓን ወንድ ዘፋኞች፣ በተለይ የሮክና የፖፕ ዘፋኞች፣ ቀጭኑን የወንድ ድምፅ ይወዳሉ። ስለዚህ ወፈር ያለ ድምፅ ያላት ሴት የወንዱን ዘፈን እንዳለ፣ ኪውን ሳትነካ፣ በዚያው ከፍታ ልትዘፍነው ትችላለች። የ«ዘ ብሉ ሃርትስ» ባንድ «ሊንዳ ሊንዳ» (1987) ለዚህ የሚጠቀስ ነው። ሲጀምር ዘፋኙ ቀስ ብሎ፣ በጊታር ብቻ ታጅቦ፣ እንደ ቦይ አይጥ ውብ መሆን እንደሚመኝ ይናገራል፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ዘፈኑን የሚያውቁት ሰዎች ብርጭቋቸውን እያስቀመጡ፣ ቀበቷቸውን እያስተካከሉ ይዘጋጃሉ። ከዚያ ከበሮው ይፈነዳል፤ ሁሉም «ሊንዳ ሊንዳ» እያለ ባለበት ይዘላል። አዝማቹ ስም መጥራት ነው፣ ከዚያ ያለፈ ቃል አይጠይቅም። ዘላዮቹ ጠረጴዛውን እንዳይገለብጡት መግቢያው ላይ ብርጭቆዎቹን ወደ ግድግዳው ጠጋ ማድረግ የማይክ ባለቤቱ ኃላፊነት ነው፤ ያፈሰሱትን የሚጠርገው አስተናጋጅ ነበርሁና ይህን በአደራ እነግርዎታለሁ።

ከ24 እስከ 60 ዓመት ያለውን ሰው በአንድ ዘፈን ማስነሣት የሚከብድ ይመስላል፤ መፍትሔው ግን ሁለት ጊዜ የተወለዱ ዘፈኖችን መፈለግ ነው። ኦጊኖሜ ዮኮ በ1985 የዘፈነችው «ዳንሲንግ ሂሮ» ለአለቃዎ ዘመን የወጣትነት ዘፈን ነው። በ2017 ደግሞ በኦሳካ ክፍለ ግዛት የሚገኘው የቶሚዮካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዳንስ ክበብ ልጃገረዶች የሰማንያዎቹን ሰፊ ትከሻ ያለው ኮት ለብሰው ስለጨፈሩበት ዘፈኑ እንደገና ተነሣ፤ ስለዚህ የዛሬዋ የ24 ዓመት ወጣት የምታውቀው ከእናቷ ካሴት ሳይሆን ከእኩዮቿ ዳንስ ነው። «ዩ.ኤስ.ኤ.» የተባለው ዘፈን መጀመሪያ በ1992 ጆ የሎው በሚል ስም የወጣ የአውሮፓ ዲስኮ ሲሆን፣ «ዳ ፓምፕ» የተባለው ቡድን በ2018 በጃፓንኛ ሲያወጣው አውራ ጣትን ቀስሮ በአንድ እግር የመዝለሉ ዳንስ አገሩን አዳረሰ። «ናትሱ ማትሱሪ»ም በ1990 ጂተሪን ጂን፣ በ2000 ደግሞ ዋይትቤሪ የተባለው የልጃገረዶች ባንድ ስለተጫወቱት ሁለት ትውልድ ይጋራዋል፤ በዲሴምበር ብርድ የበጋን በዓል መዝፈን ማንንም አያስቀይምም። ሳይጆ ሂደኪ በ1979 ያወጣው «ያንግ ማን» ደግሞ «ዋይ፣ ኤም፣ ሲ፣ ኤ» የሚሉትን አራት ፊደላት በክንድ መሥራትን የሚጠይቅ ነው፤ ይህንን በስድሳም በሃያም ዕድሜ የማያውቅ ሰው ለማግኘት ይቸገራሉ።

ንባቡን በተመለከተ ከሚያስቡት በላይ የታደሉ ነዎት። በካራኦኬው ስክሪን ላይ ካንጂዎቹ ከነንባባቸው፣ በላያቸው በትንሹ በሂራጋና ተጽፈው ይመጣሉ፤ ቀለሙም ከዜማው እኩል ቃሉን እየሞላ ስለሚሄድ የት እንደደረሱ ያሳይዎታል። ሆኖም ስክሪን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እያነበቡ መዝፈን ሁልጊዜ ከምቱ ያስቀራል። ስለዚህ ግጥሙን በፊደላችን ይጻፉት። የእኛም ሆነ የእነርሱ ጽሕፈት አንዱ ምልክት አንድ ቀለም ስለሚይዝ በላቲን ከሚጽፍ ሰው ይልቅ እርስዎ ወደ ድምፁ ይቀርባሉ። ከዚህም በላይ ጃፓንኛ ማጥበቅና ማላላትን ይለያል፤ «ኪቴ» ሲላላ «ና» ወይም «ነዪ» ነው፣ ቴ ሲጠብቅ ደግሞ የፖስታ ቴምብር ነው። «ገና»ን አንድ ጊዜ አጥብቆ አንድ ጊዜ አላልቶ የሚናገር ሰው ይህን ለመስማት ጆሮው የተገራ ነው። ወረቀትዎ ላይ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ ያድርጉ።

የምንሳሳተው በሌላ ቦታ ነው። ጃፓንኛ አናባቢን ያስረዝማል፤ እኛ ግን እርዝመትን እንደ ፊደል አንቆጥረውም። «ቶኪዮ» የምንላት ከተማ በጃፓንኛ ዜማ ውስጥ አራት ምት ትወስዳለች፦ ቶ፣ ኦ፣ ኪዮ፣ ኦ። እኛ አሳጥረን ስናልፋት ሁለት ምት ቀድመን እንደርሳለን፣ ከዚያ በኋላ ያለው ስንኝ ሁሉ ይንሸራተታል። «ን»ም በቃል መጨረሻ ላይ ብቻዋን አንድ ምት አላት፤ «ኒሆን» ሦስት ምት ነው። ለረጅሙ አናባቢ ሰረዝ ይሳቡ፣ ለብቻዋ «ን» ክብ ያድርጉባት። አንድ ዘፈን በዚህ መልክ ለመጻፍ አንድ ምሽት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ በሥራ ቀን ከሰዓት በፊት፣ ዋጋው በሚቀንስበት ጊዜ፣ ብቻዎን አንድ ሰዓት ገብተው ይሞክሩት። ብቻ መግባት ነውር አይደለም፤ «ሂቶካራ» የሚል ስም ወጥቶለት የተለመደ ነገር ሆኗል። በዚያ ሰዓት ያገኙትን የኪ ቁጥር ወረቀቱ ጥግ ላይ ይጻፉት፤ በግብዣው ዕለት ዘፈኑን ሲያስገቡ አብረው ያስገቡታል። ከዘፈኑ ስም አጠገብ የዘፋኙ የራሱ ቪዲዮ መኖሩን የሚያመለክት «ሆንኒን» የሚል ምልክት ካለ ያንኑ ይምረጡ፤ ዳንሱ ስክሪኑ ላይ ስለሚታይ ተቀባዮችዎ እያዩ ይከተላሉ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ፤ ጉዳዩ ለእኔ ከሙያም በላይ የልብ ጉዳይ ነው። የጃፓንን የድሮ ዘፈን፣ በተለይ ኤንካ የተባለውን፣ ሲሰሙ «ይህማ የእኛ ነው» ማለትዎ አይቀርም። ስሜቱ ባዶ አይደለም። ኤንካ አብዝቶ የሚጠቀምበት «ዮናኑኪ» የተባለው ባለ አምስት ድምፅ ስልት፣ አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ የወጣለት ማለት ሲሆን፣ ሜጀሩ ከእኛ ትዝታ ሜጀር፣ ማይነሩ ከትዝታ ማይነር ጋር በድምፆቹ አንድ ነው። ኮቶና ሻሚሰን የተባሉት ባለ አውታር መሣሪያዎች ዜማ የሚቃኝበት «ሚያኮ ቡሺ» ከአምባሰል ጋር፣ በደቡብ ያሉት የኦኪናዋ ደሴቶች ቅኝት ደግሞ ከባቲ ሜጀር ጋር ድምፅ ለድምፅ ይገጥማል። በኤንካ ውስጥ «ኮቡሺ» የሚሉት የድምፅ ማንከባለል እንኳ የእኛን ሰው ጉሮሮ ቶሎ ያገኘዋል። ነገር ግን አብዛኛው ኤንካ የመለየት፣ የወደብና የእንባ ዘፈን ነው፤ ጆሮዎ ይወደዋል፣ ሰው ያደንቅዎታል፣ ቤቱ ግን ይበርዳል። የተለየው ኪታጂማ ሳቡሮ በ1984 ያወጣው «ማትሱሪ» ነው፤ በዓል፣ ከበሮና ጩኸት ያለበት ኤንካ ነው፤ ሆኖም እርሱን ለአለቃዎ ይተዉላቸው፣ ምክንያቱን ከታች እነግርዎታለሁ።

የባቲን ጣዕም ከፈለጉ ወደ ኦኪናዋ ይሂዱ። «ቢጊን» የተባለው ባንድ በ2002 ያወጣው «ሺማንቹ ኑ ታካራ» ምቱ መካከለኛ ቢሆንም «ኢያሳሳ» የሚል የተቀባይ ጥሪ አለው፤ ከሁለተኛው ጥሪ ጀምሮ ክፍሉ ሁሉ ይቀበልዎታል። ከዚያው ቅኝት የተወለደውን የ«ዘ ቡም»ን «ሺማ ኡታ» (1992) ግን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። ብዙዎች እንደ ፍቅር ዘፈን ይዘፍኑታል፤ የደረሰው ሰው ግን በ1945 በኦኪናዋ ጦርነት ስላለቁት ሰዎች እንደጻፈው ተናግሯል። ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ ካለ ታምቡሪን የሚመታበት ዘፈን አይደለም።

ስለ ተራና ስለ ሰዓት በአጭሩ። ሁለት ሰዓት 120 ደቂቃ ነው፤ መጠጥ እስኪታዘዝ አሥር ደቂቃ ይሄዳል፤ አንድ ዘፈን ከመሸጋገሪያው ጋር አራት ደቂቃ ተኩል ያህል ቢወስድ ወደ 24 ዘፈን ይደርሳል። ለአሥራ ሁለት ሰው ሁለት ሁለት ማለት ነው። ስለዚህ እርስዎ የሚያስፈልግዎ ሁለት ዘፈንና አንድ መጠባበቂያ ብቻ ነው፤ አሥር ዘፈን አያጥኑ። ረጃጅም ዘፈኖችም የሌላውን ተራ ይበላሉ፤ የኤክስ ጃፓን «ኩሬናይ» (1989) ድንቅ ዘፈን ነው፣ ግን ከስድስት ደቂቃ በላይ ይሄዳል።

ጃፓናውያን የአንድን ሰው መለያ ዘፈን «ኦሃኮ» ይሉታል፤ የሚጻፍበት ቃል «አሥራ ስምንት ቁጥር» ማለት ሲሆን የካቡኪ ቲያትር የኢቺካዋ ቤተሰብ ከመረጣቸው አሥራ ስምንት ተውኔቶች ጋር የተያያዘ ነው። አለቃዎ ኦሃኮ ሊኖራቸው ይችላል። በግብዣው ሳምንት አንድ የቆየ ባልደረባዎን «ካቾ-ሳን (የክፍል ኃላፊው) ምን ይዘፍናሉ?» ብለው፣ ማዕረጋቸው ሌላ ከሆነ በማዕረጋቸው ጠርተው፣ በእርጋታ ይጠይቁ፤ ያንን ዘፈን አስቀድሞ መውሰድ ትልቅ ድፍረት ነው። «ማትሱሪ»ን ይተዉላቸው ያልሁትም ለዚህ ነው፤ በእርሳቸው ዕድሜ ያሉ ወንዶች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት እንዲህ ያለውን ዘፈን ነውና። እርሳቸው ሲዘፍኑ እርስዎ ዋናው ተቀባይ ይሁኑ፤ በቀጣዩ ተራዎ እርሳቸውም ይቀበሉዎታል።

ለእርስዎ የመረጥሁልዎ እንግዲህ እነዚህ ናቸው። የመጀመሪያው ተራዎ ሰው ገና ካፖርቱን እያወለቀ ሳለ ስለሚሆን «ኮይ ሱሩ ፎርቹን ኩኪ»ን ይውሰዱ፤ ቡድኑ በአንድ ድምፅ የሚዘፍነው ስለሆነ ዜማው በጠባብ ቦታ ይመላለሳል፣ ሁለት ደረጃ ቢያወርዱት በቂ ይመስለኛል። ሰውም ከመቀመጫው ሳይነሣ በእጁ ብቻ መቀበል ይችላል፤ ለመግቢያ የሚመቸው ይህ ነው። ለሁለተኛው ተራ፣ ሰው ከሞቀ በኋላ፣ «ሊንዳ ሊንዳ»ን ኪውን ሳይነኩ ይዝፈኑት፤ የመግቢያውን ቀስ ያለ ክፍል ብቻ በሚገባ በቃልዎ ይያዙት፣ ያ ክፍል ብቻዎን የሚሰሙበት ስለሆነ። ከእርስዎ በፊት ሌላ ሰው ከወሰደብዎ «ላቭ ማሺን» ይተካዋል።

መጠባበቂያው «ያንግ ማን» ነው፤ ለእርሱ ብቻ የተለየ ጊዜ ይጠብቁ። ሰዓቱ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ይጮኻል፤ አንዱ ያነሣና «አሥር ደቂቃ ቀርቶናል» ይላል፤ ሰው ሁሉ ማን ይዝፈን በሚል ይተያያል። በዚያ ቅጽበት ታብሌቱን እርስዎ ያንሡ። አንዱን ማይክ ለራስዎ አያስቀሩ፤ አንዱን በሁለት እጅ ለአለቃዎ፣ ሌላውን ለታናሿ ባልደረባዎ ያቀብሉና እርስዎ ከስክሪኑ አጠገብ ፊትዎን ወደ ሰዉ አዙረው ክንድዎን ለመጀመሪያው ፊደል ከፍ ያድርጉ።